አንድ ሸራ፣ አንድ ኮንጎ፦ ጎባ አዳራሽ ላይ የታየው የመጀመሪያ ፊልሜ

ዛሬ ሃያ ልጆች ፊት ቆሜ ዋሸሁ!

አዎ፣ እኔ ብዙነሽ! በዚህ ዕድሜዬ! ያውም በጾም!

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ሮቤ ለዳር ሰፈር ልጆች የፊልም ሥልጠና ተከፍቷል። ዘመድ የሌለው፣ ገንዘብ የሌለው ልጅ ሁሉ ካሜራ ይዞ የራሱን ሰፈር እንዲቀርጽ ነው አሉ። እኔን ደግሞ "ልምድዎን ያካፍሉን" ብለው ጠሩኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ! አዲሱን ነጠላዬን አውጥቼ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ ግማሽ ሰዓት ቀድሜ ደረስኩ።

አንዷ ፈጣን ልጅ እጇን አወጣች። "እማማ፣ የመጀመሪያ ፊልምዎ ስለ ምን ነበር?"

"ስለ ልማት" አልኳት።

ፊቴ ቅንጣት አልተለወጠም። ልጆቹ አጨበጨቡልኝ። እኔም ጎንበስ ብዬ ጭብጨባውን ተቀበልኩ!

ወገኖቼ፣ የመጀመሪያ ፊልሜ ስለ እግሬ ነበር።

ስለ ሁለቱ እግሮቼ። ሁለት ደቂቃ ተኩል ሙሉ። ያውም የክፍለ ሀገሩ ባለሥልጣን ሁሉ ኮቱን ቆልፎ በተቀመጠበት ጎባ አዳራሽ!

ቤቴ ከገባሁ ጀምሮ ሻዩ እንኳን አልወርድልኝ ብሏል። ስለዚህ እዚሁ ልናዘዘውና ይውጣልኝ። የምትስቁ ሳቁ፤ ለምጄዋለሁ።

ጊዜው ደርግ ነው። እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ።

ሰፈራችን እዚሁ ሮቤ ያለው ወፍጮ ሰፈር ነው፤ ከከብት ተራው ጀርባ፣ ጭቃው በጋም የማይደርቅበት። የመሀል ከተማ ልጆች በጫማችን ነበር የሚለዩን። ለኪነት ቡድን ሲመረጥ እኛ የለንበትም። ለኳስ ሲመረጥ የለንበትም። ለጽዳት ዘመቻ ሲሆን ግን ማን ይቀድመናል? ስማችን ከዝርዝሩ አናት ላይ!

ታዲያ አንድ ቀን ጋሽ ተፈራ የሚባል ሰው ከአዲስ አበባ ተመድቦ መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ የባሌ ብርድ አፍንጫውን ያቀላው ሰው። ውጭ አገር ፊልም ተምሯል ይባል ነበር። በእጅ የምትያዝ አንዲት ትንሽ ካሜራ አለችው።

"ይህችን ካሜራ የማስተምረው የወፍጮ ሰፈር ልጆችን ነው" አለ።

ቢሮ ውስጥ ሳቁበት አሉ። "ለእነሱ መጀመሪያ ሳሙና ስጣቸው" ያለውም ነበር። ጋሽ ተፈራ ግን አንዴ ካለ አለ ነው። ስድስት ልጆች መረጠ። አምስት ወንድና እኔ።

እና ካሜራውን ማን ይያዝ?

አምስቱም ወንዶች "እኔ!" አሉ። እኔም "እኔ!" አልኩ። እነሱ ዞር ብለው አዩኝ፣ በግ የተናገረች ይመስል።

ጋሽ ተፈራ አልተከራከረም። ለእያንዳንዳችን አፉ ድረስ ውሃ የተሞላ ብርጭቆ ሰጠንና "ከወፍጮው እስከ ከብት ተራው ሳታፈሱ ሂዱ" አለን። እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው ነው የሚፈልገው።

ከማል ሦስት እርምጃ አልሄደም፣ ሱሪው ራሰ። ሌሎቹም እንደዚያው።

እኔ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ከሻያ ወንዝ ውሃ በእንስራ ያመላለስኩ ልጅ ነኝ! በጭቃ! በዳገት! አንዲት ብርጭቆ ነው የምታሸንፈኝ? ሄጄ፣ ተመልሼ፣ መጨረሻ ላይ ውሃውን ፊታቸው ጠጣሁት።

ካሜራዋ የኔ ሆነች። በማንገቻዋ አንገቴ ላይ ሲያጠልቃት ልቤ ሊቆም ነበር። እንደ ንብረት አልነበረም የማያት። ማታ ማታ እናቴ "አውልቂያትና ብዪ" ትለኝ ነበር፤ በአንድ እጄ እሷን ይዤ በአንዱ እበላለሁ።

ወንዶቹ አኮረፉ። "ካሜራ ለሴት!" እያሉ ሳምንት ሙሉ አወሩ። ከማል ብቻ ቶሎ ታረቀኝ፣ ምክንያቱም እሱም የራሱን ሹመት አገኘ። ፊልሟ ድምፅ የላትም። ስለዚህ ፊልሟ ስትታይ አንድ ሰው ጎን ቆሞ ጽሑፍ ያነብላታል። የከማል ድምፅ ደግሞ፣ እንደ መስጊድ ድምፅ ማጉያ ነው።

ከዚያ የክፍለ ሀገሩ ሊቀመንበር ቃል ከጎባ መጣ። ስሙ ይቅርና ጓድ ሊቀመንበር እንበለው። የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ ግን ካኪ ከለበሰ ወዲህ ማንም ደፍሮ የእናቱን ጤንነት ጠይቆት አያውቅም።

ቃሉ አጭር ነበር። "ፊልሙ ጎባ ይታያል። ጥሩ ከሆነ ካሜራው እነሱ ጋ ይቆያል፣ ሥልጠናውም ይቀጥላል። ካልሆነ ካሜራው ይመለሳል፣ ሥልጠናው ይዘጋል።"

ገባችሁ አይደል? ካበላሸሁ የወፍጮ ሰፈር ልጅ ለዘላለሙ ካሜራ አይነካም። ሴት ልጅማ አይነሳ!

ያለን አንድ ጥቅል ፊልም ነው። ሦስት ደቂቃ ብቻ። ለሦስት ደቂቃ ሁለት ወር ተዘጋጀን! አሥራ ሁለት ትዕይንት ጻፍን። ሽማግሌው በፈረስ ወደ መሠረተ ትምህርት ሲሄዱ፣ ስንዴ በደቦ ሲታጨድ፣ ሴቶች ውሃ ሲቀዱ፣ ልጆች ችግኝ ሲተክሉ። ለእያንዳንዱ አሥራ አምስት ሴኮንድ። ከአፋችን እስኪያልቅ ሸመደድነው።

የከማልም ጽሑፍ ወደ ጎባ ሄዶ፣ ታርሞ፣ ማኅተም ተመቶበት መጣ። በዚያ ዘመን ማኅተም ያረፈበት ጽሑፍ ነጠላ ሰረዙ እንኳን አይነካም። ይህችን ያዙልኝ።

የቀረጻው ቀን ደረሰ።

ጠዋት የሸራ ጫማዬን ላደርግ ስል አንዱ የለም። ማታ ርሶ ስለነበር እናቴ እንዲደርቅ ብላ ምድጃ ጠርዝ ላይ አስጠግታዋለች። ደርቋል! እንዲያውም ከመድረቅ አልፎ ጫፉ ተቃጥሎ የአዞ አፍ መስሏል።

ምን ላድርግ? ቀኝ እግሬ ላይ ሸራ፣ ግራ እግሬ ላይ የወንድሜን ኮንጎ አደረግኩ። ኮንጎ የማታውቁ ልጆች ካላችሁ ፕላስቲክ ጫማ ነው፤ ብርድ ላይ እንደ ድንጋይ የሚሆን፣ ፀሐይ ላይ የሚጣበቅ።

"ምን ችግር አለው?" አልኩ ለራሴ። "የካሜራ አንሺን እግር ማን ያያል?"

አሁን መሳቅ ጀምራችኋል፣ አውቃለሁ።

ጋሽ ተፈራ አዳራሽ ለመለመን ጎባ ሄዶ አብሮን የለም። ስድስታችን ብቻ ነን። ከሰነቴ ተራራ በኩል የሚመጣው ንፋስ ያፏጫል፣ ጣቶቼ ደንዝዘው የሰው ጣት መስለውኛል። ግን ጋሽ ተፈራ አንድ ዘዴ አሳይቶኛል። መቅረጫውን ቁልፍ ተጭነሽ ወደ ጎን ከገፋሽው ይቆለፋል፤ ጣትሽን ብታነሺም ካሜራዋ መቅረጿን ትቀጥላለች።

እንዴት ያለ ግሩም ዘዴ ነው! ገፋሁት። ተቆለፈ።

የመጀመሪያው ትዕይንት ሐጂ አደም ናቸው። የሰፈሩ ትልቅ ሰው፣ ስድሳ ዓመት አልፏቸው ፊደል ለመቁጠር በፈረስ የሚሄዱ። ደብተራቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው፣ እኛን ሳያዩ እንዲያልፉ ሦስት ጊዜ ነግረናቸዋል። "ሐጂ፣ ዝም ብለው ይለፉ፣ እኛ እንደሌለን ያስቡ።" "እሺ" ብለውናል።

መጡ! በዚያ በግራጫ ፈረሳቸው፣ ያጌጠ ኮርቻቸው ላይ፣ ቡሉኳቸውን አጣፍተው! እንዴት እንደሚያምሩ! በካሜራዋ ቀዳዳ እያየሁ እንባዬ መጣ።

እና አጠገባችን ሲደርሱ ፈረሱን ያዝ አደረጉት።

ወረዱ!

"ሐጂ! ይለፉ እንጂ!" አለ ከማል በሹክሹክታ።

"ምነው ልጄ? ስድስት የሰው ልጅ ብርድ ላይ ቆሞ እያየሁ ዝም ብዬ ልለፍ? ምን ነካኝ?" አሉና ጀመሩ። "አካም ጅርቱ? ነጋ ጅርቱ? ማቲን ነጋ? ሎን ነጋ?"

የባሌን ሰላምታ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ስለ እኛ ተጠየቀ። ስለ ቤተሰብ ተጠየቀ። ስለ ከብት፣ ስለ ጥጃ፣ ስለ ገብስ፣ ስለ ዝናብ ተጠየቀ። የስድስታችንም በየተራ። ሽማግሌ ሰላም ሲላችሁ ታዲያ ፊታችሁን በዕቃ ሸፍናችሁ ትቆማላችሁ? እናቴ በሕይወት እያለች? ካሜራዋን ከዓይኔ አወረድኳት።

አወረድኳት እንጂ አላጠፋኋትም!

ከዚያ ሐጂ አንገቴ ላይ የተንጠለጠለችውን ዕቃ አዩና ፊታቸው በራ። ሴት ልጅ መሆኔ ነው መሰለኝ ደስ ያላቸው። በትራቸውን ብብታቸው አስገብተው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

ምርቃት!

አሁን ፍረዱኝ። ሽማግሌ ሲመርቅ እጁን ያልዘረጋ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ከማል ሙስሊም ነው፤ በዚህ ጉዳይ ልዩነት የለንም። ስድስታችንም አሥራ ሁለት መዳፋችንን ወደ ላይ ዘረጋን። "አሚን! አሚን!" ካሜራዋ ደረቴ ላይ ተንጠልጥላ፣ አፍንጫዋን ወደ መሬት ደፍታ፣ የኔን እግር እያየች።

እየቀረጸች!

ሐጂ መሀል ላይ እያሉ ፈረሱ ወደ ገብስ ማሳ ሊገባባቸው ሄደ፤ ምርቃታቸውን አቋርጠው ተከተሉት። ያኔ ነው "ቀጭ" የሚል ድምፅ የሰማሁት።

ቁጥሯን አየሁ። ዜሮ።

ጥቅሉ አልቋል! አሥራ አንድ ትዕይንት ይቀረናል፣ ፊልሙ የለም!

እንግዲህ የእውነተኛው ኃጢአቴ እዚህ ጋ ነው። ለማንም አልተናገርኩም። "ፊልሙን እየቆጠብኩ እቀርጻለሁ" ብዬ ባዶ ካሜራ ይዤ ቀኑን ሙሉ ቀረጽኩ! ስንዴ አጫጆቹን ቀረጽኩ፣ ውሃ ቀጂዎቹን ቀረጽኩ፣ ችግኙን ሁለቴ አስተከልኩ። ጋሽ ተፈራ ማታ ሲመጣ "እንዴት ነበር?" አለኝ።

"ልዩ ነው!" አልኩት።

ብናገር ካሜራዋን ይወስዱብኛላ! አምስቱ ወንዶች "አላልንም?" ሊሉ ነዋ! ምናልባት አንድ ተአምር ይፈጠር ይሆናል ብዬ ፈጣሪን ለመንኩ። ጥቅሉ ሊታጠብ አዲስ አበባ ሄደ፣ ከወር በላይ ቆየ፣ የተመለሰውም በዚያው በሚታይበት ቀን ነው። ማንም ቀድሞ አላየውም።

እሁድ ከሰዓት በኋላ። ጎባ።

ወፍጮ ሰፈር በጭነት መኪና ተጭኖ መጣ። ሐጂ አደም ሳይቀሩ! በዕድሜያቸው ሲኒማ ሊያዩ የመጀመሪያቸው ነው። መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተሸፍነዋል። ጓድ ሊቀመንበር መድረኩ ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ ማይክሮፎን ፊቱ አድርጎ፣ በጎን በኩል ወደ ፊልሙ ዞሮ ተቀምጧል። ጋሽ ተፈራ ማሳያውን ሲያስነሳ ለኔ ፈገግ አለልኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ!

ከማል ባትሪ አብርቶ ማንበብ ጀመረ። "እነሆ! የሰፈራችን አዛውንት ለዕውቀት ሲገሰግሱ!"

ግራጫው ፈረስ ከች አለ። ሐጂ በኮርቻቸው ላይ! አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ጋሽ ተፈራ ዕንባውን ጠረገ። እኔም ለአሥራ አምስት ሴኮንድ የዓለም ንግሥት ሆንኩ።

ከዚያ ዓለም ተገለበጠች።

"እነሆ ወጣቱ ትውልድ!" አለ ከማል።

ጫማዎቼ።

አንድ ሸራ። አንድ ኮንጎ። ግድግዳ የሚያህሉ!

ከማል ቀና ብሎ አየ። ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ግን ማኅተሙን አስታወሰ መሰለኝ፣ ቀጠለ! "ሠርቶ አደሩና ገበሬው፣ ጎን ለጎን፣ ትከሻ ለትከሻ!"

ሸራውና ኮንጎው ጎን ለጎን ቆመዋል።

ማንም አልሳቀም። በዚያ ዘመን ለመሳቅ መጀመሪያ የሊቀመንበሩ ጥርስ መታየት አለበት። ሁሉም ትንፋሹን ይዞ ወደ መድረኩ ያያል።

"የማይናወጥ አቋማችን!" እግሮቼ በብርድ ይንቀጠቀጣሉ።

"ትናንት በጨለማ የነበርን!" የጋቢዬ ጫፍ በንፋስ መጣና ካሜራዋን ሸፈናት፣ ጨለማ ሆነ። "ዛሬ ወደ ብርሃን!" ጋቢው ተነሳ። እግሬ!

ከማል በላብ ርሷል። "የልፋታችን ፍሬም ይኸው!" አለ።

የሐጂ ፈረስ በጎን በኩል ገባ። እና... ፈረስ ፈረስ ነው እንግዲህ። ያደረገውን አደረገ፣ ኮንጎዬ አጠገብ።

ከኋላ አንዲት እናት "ውይ!" ብለው ሳቁ። ከዚያ በቃ! አዳራሹ ፈነዳ! ሰው ወንበር ላይ ተንጋለለ፣ ሰው ጎኑን ይዞ አለቀሰ። አምስቱ ወንዶች ሳይቀሩ! ከማል ብቻ እስከ መጨረሻዋ አራት ነጥብ ድረስ አነበበ። ጀግና ነው።

"መብራት!"

ጓድ ሊቀመንበር ተነሳ። ሳቁ እንደ ሻማ እፍ ተባለ።

"ይህን የቀረጸው ማነው?"

ተነሳሁ። አያድርስ ነው! ያን ቀንም ያንኑ ሸራና ኮንጎ ነበር ያደረግኩት፤ ሌላ ከየት ላምጣ? ሰው ሁሉ መጀመሪያ ፊቴን፣ ቀጥሎ እግሬን አየ።

"ይህ ቀልድ ነው?" አለ ሊቀመንበሩ በማይክሮፎኑ። "ወይስ ሌላ ነገር ነው?"

"ሌላ ነገር" ማለት በዚያን ጊዜ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ። የጋሽ ተፈራ ፊት አመድ ሆነ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ስለ ካሜራዬ ብቻ ነበር የምፈራው፤ ያን ጊዜ ግን ጋሽ ተፈራን ላስገድለው እንደሆነ ገባኝ።

"ካሜራው አሁኑኑ ይመለስ። ሥልጠናው ተዘግቷል። ጓድ ተፈራ ነገ ጠዋት ቢሮዬ እንገናኛለን።"

ካሜራዋን ከአንገቴ ለማውለቅ እጄን አነሳሁ። እጄ እምቢ አለኝ። ለቅሶዬ ግን እሺ ብሎ መጣ።

ከመሀል የበትር ድምፅ ተሰማ። ሐጂ አደም።

"ያ ግድግዳው ላይ ያየነው ፈረስ የኔ ነው" አሉ። "ጥፋቱም የኔ ነው። ልጅቱን እየመረቅኳት ነበር፤ እጇን ዘርግታ ነበር። ለምርቃት እጇን ባትዘረጋ ኖሮ ነው መቀጣት የነበረባት።"

"ሐጂ፣ ይቀመጡ እባክዎ" አለ ሊቀመንበሩ። ድምፁ ዝቅ ብሏል።

"እቀመጣለሁ ልጄ። ግን ፈረሱ ሄዶብኝ ሳልጨርስላት ቀረ። የተጀመረ ምርቃት ደግሞ እንዲሁ አይተውም።"

ፈቃድ አልጠየቁም! ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

"ኢንተለ ኮ፣ ረቢ ስ ሃ ጉዲሱ! ልጄ፣ ፈጣሪ ያሳድግሽ! ይህ ዕቃ ከእጅሽ አይለይ!"

አዳራሹ ሙሉ እጁን ዘረጋ። "አሚን!"

"ያስተማረሽን ሰው ክፉ አይንካው!"

"አሚን!"

"በዚህ ጠረጴዛ የተቀመጠውንም ልጃችንን ፈጣሪ ከነእናቱ ያኑርልን!"

"አሚን!"

ይህኛው አሚን በድምፅ ማጉያ ነው የመጣው።

ቀና አልን። ጓድ ሊቀመንበር፣ በካኪው፣ የክፍለ ሀገሩ ካድሬ ሁሉ ፊት፣ ሁለት መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቶ ቆሟል። እስክሪብቶው ጣቱ መሀል እንዳለ። አፉን ማይክሮፎኑ ላይ አድርጎ!

ለማታውቁ ልንገራችሁ። ካድሬ ሕዝብ ፊት ጸለየ ማለት ሥራው ሄደ ማለት ነው። አንዳንዴም ከሥራው በላይ።

ራሱም እጆቹን አያቸው፣ የሌላ ሰው እጅ የሆኑ ይመስል። ቀስ ብሎ አወረዳቸው።

"ስብሰባው ተፈጽሟል" አለ።

ስለ ካሜራው ምንም አላለም! ስለ ሥልጠናውም! "ከእጅሽ አይለይ" ሲባል አሚን ብሎ እንዴት አድርጎ ይቀማኝ? ጋሽ ተፈራም በማግስቱ ቢሮው ሄዶ በሰላም ተመለሰ፣ አንድ አዲስ ጥቅል ፊልም ይዞ!

በሩ ላይ ግን ሊቀመንበሩ አጠገቤ ቆም አለ። ዓይኑን አላነሳም።

"ጓዲት፣ መጨረሻ ላይ ምን ሰማሽ?"

"ምንም አልሰማሁም ጓድ።"

"ጎበዝ" አለና ሄደ።

እኔ ከዚያ በኋላ ያለቀልኝ መሰለኝ። የት! ስሜ ተቀየረ። "ሸራ ኮንጎ" ሆንኩ። ወፍጮ ቤት ስሄድ "ሸራ ኮንጎ መጣች!" ከብት ተራ ስሻገር "ትከሻ ለትከሻ!" ሕፃናት ዘፈን አወጡልኝ። ሐጂ አደም እንኳን ሲያዩኝ መጀመሪያ እግሬን አይተው ነበር የሚስቁት። አንድ ሳምንት፣ አንድ ወር፣ አንድ ዓመት! አልበርድ አለ። ጎባ የሚሄድ፣ ደሎ መና የሚወርድ ሁሉ ይዞት ይሄዳል። ሰው እንዴት እንዲህ ይጨክናል ብዬ ስንት ቀን አለቀስኩ። ቂም ይዤባቸው ነበር፣ አልዋሽም።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው፣ አንድ ሠርግ ስቀርጽ ከማልን አገኘሁት። (አዎ፣ ዕቃው ከእጄ አልተለየም። የሮቤን ሠርግ ሁሉ የቀረጽኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ማጥፊያዋን አውቃለሁ!) ቂሜን አወራሁለት። "እንዴት ነው አንድ ከተማ ሌላ ወሬ የሚያጣው?" አልኩት።

ከማል ብርጭቆውን አስቀመጠ።

"አንቺ እስከ ዛሬ አልገባሽም?" አለ።

"ምኑ?"

"በማግስቱ ከላይ የተላኩ ሰዎች እየዞሩ ይጠይቁ ነበር እኮ። 'እሁድ ጎባ ላይ ምን ተፈጠረ? ስብሰባው ለምን በአጭሩ ተበተነ?' ወፍጮ ቤት ጠየቁ፤ 'አንዲት ልጅ ሸራና ኮንጎ አድርጋ' ተባሉ። ከብት ተራ ጠየቁ፤ ሸራና ኮንጎ። ሐጂን ጠየቁ፤ ሐጂ እስኪያስላቸው ሳቁ። ጠያቂዎቹም ስቀው ሄዱ። ሌላ ምን እንድንላቸው ነበር የፈለግሽው?"

ካሜራዬን አጠፋሁ።

"ማን መከረ?" አልኩት።

"ማንም። ሰው ያውቃል።"

አዳራሽ ሙሉ ሰው! ጎረቤት ጎረቤቱን በሚፈራበት ዘመን! ያችን የሊቀመንበሩን አሚን አንድ ሰው እንኳን ከአፉ አላወጣትም። የኔን ጫማ ከላይ ደርበው ሸፈኗት። ሊቀመንበሩ ምንም ሳይነካው ቆይቶ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ፤ ኋላም እዚያው አረፈ፣ ነፍሱን ይማር። ለዚህ ነው ዛሬ ደፍሬ የጻፍኩት።

ነገ ሄጄ ለእነዚያ ልጆች እውነቱን እነግራቸዋለሁ። "የመጀመሪያ ፊልሜ ስለ እግሬ ነበር፤ ግን እንዲህ ያለ ፊልም ዳግመኛ አልሠራሁም" እላቸዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኛል። ያኔ፣ በአሥራ ሰባት ዓመቴ፣ አንድ ሰው መጥቶ "ብዙነሽ፣ አንድ ሰው እንዲተርፍ አንቺ የከተማው መሳቂያ ሁኚ" ብሎ ቢጠይቀኝ እሺ እል ነበር?

እውነቱን ንገሪን አላችሁ?

"እሺ፣ ግን ቆይ፣ መጀመሪያ ጫማዬን ላመሳስል" የምል ይመስለኛል! እናንተስ?